ዘበኛው ለምን እንደ አባቴ ይናገራል?

ይቅር ማለት የሚያውቁ ሰዎች ቤት ነው ያደግሁት። ወላጆቼ ወንጌል አማኞች ነበሩ፤ ጠዋት ሳይጸለይ ሻይ አይቀርብም፤ ጸሎቱም «እኛ ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ሳይባል አያልቅም። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ያን ቃል አብሬያቸው ብዬዋለሁ። በአንድ ሰው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልሠራልኝም። እንዲሠራልኝም ለምኜ አላውቅም።

ሰውየውን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ሀዋሳ ገና አዋሳ ስትባል። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሠፈራችን አልነበረም፤ ለሁላችንም አንድ በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጦ ነበር፣ በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ። ሳጥኑን የሠራው አባቴ ነው። አናጢ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አግዳሚ ወንበሮችም አብዛኞቹ የእጁ ሥራ ናቸው።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደገባ፣ ከአዲስ አበባ አሰልጣኝ መጥቶ ለመምህራንና ለቀበሌ የኪነት ቡድኖች ስለ መገናኛ ብዙኃን ኮርስ ይሰጣል ተባለ። ትምህርቱ ስለ ሬዲዮና ስለ ጋዜጣም ነበር፤ ዋናው ግን የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ኮርሱን የጨረሰ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ የምስክር ወረቀት ያገኘ ደግሞ ወደ ክፍለ ሀገሩ የባህል ክፍል ሊዛወር ይችላል። ወሬው ይህ ነበር። ተመዘገብኩ።

አሰልጣኙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ረዘም ያለ፣ መነጽራም ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ሱሪው እንዳይጨማደድ ከጉልበቱ ላይ በሁለት ጣት ይስበዋል። ከመናገሩ በፊት መነጽሩን ያወልቃል፣ እፍ ይልበታል፣ በከረባቱ ጫፍ ይጠርገዋል፣ መልሶ ያደርገዋል፤ ከዚያ «በመሠረቱ…» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። እኛ አስተማሪዎች ጠመኔ ጨብጠን «ድገሙ» ከማለት ያለፈ ነገር አናውቅም። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የምናየውን እየቆራረጠ ያስረዳን ነበር። ይህ ትራጄዲ ነው፤ ሰውየው የሚወድቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ይህ ሜሎድራማ ነው፤ ደጉ ያለቅጥ ደግ፣ ክፉው ያለቅጥ ክፉ ነው። ይህ ኮሜዲ ነው፤ የምንስቀው ከእኛ በታች ባለ ሰው ላይ ነው።

ስለ ገጸ ባሕርይ ሲያስተምር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል ሰዎችን፣ በሌላው በኩል ምልክታቸውን ጻፈ። ለምሁር መነጽር። ለባላባት ከዘራና ካባ። ለዘበኛ ካፖርትና ዱላ። ለቤት ሠራተኛ ሻሽ። «ቴሌቪዥን ጊዜ የለውም» አለን። «ሰውየው ገና በር ሲከፍት ተመልካቹ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።»

እሁድ እሁድ አዳራሹ ተሰብስበን የሚተላለፈውን ድራማ እያየን ማስታወሻ እንይዝ ነበር። ሌሎቹ ታሪኩን ሲከተሉ እኔ በር ከፋቾቹን መከተል ጀመርኩ። ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው አፉን በከፈተ ቁጥር አዳራሹ ይስቃል። የሚለው ነገር ግን አያስቅም። «ሰው መጥቷል» ነው የሚለው፤ «ጌታዬ የሉም» ነው የሚለው። የሚያስቀው አማርኛው ነው። አማርኛው ደግሞ የማውቀው አማርኛ ነው፤ ቤቴ ውስጥ የሚነገረው፣ የአባቴ።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ አሰልጣኝ፣ ዘበኛው ሁልጊዜ እንደ አባቴ የሚናገረው ለምንድን ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለና መነጽሩን ጠረገ። «በመሠረቱ ዘበኛ ስለሆነ ነዋ!»

ያን ቀን ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ። ነገሩ ገና ቤቴ አልገባም ነበር።

የኮርሱ አጋማሽ ላይ አንድ ሥራ ሰጠን፤ ከቤተሰባችሁ ያገኛችሁትን አንድ እውነተኛ ታሪክ አምጡና የትኛው የድራማ ዓይነት እንደሆነ አስረዱ። እኔ የአባቴን አመጣሁ።

አባቴ ከተማ ከመግባቱ በፊት የራሱ መሬት ነበረው፤ እንሰትና ትንሽ ቡና። በንጉሡ ጊዜ አንድ ባላባት ወሰደበት። አባቴ ያኔ ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አይሰማም። አንድ ዘመዱ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠናው፤ «ጌታዬ፣ መሬቴን ወሰዱብኝ።» አባቴ ከመንደሩ እስከ ፍርድ ቤቱ እሷን እየደጋገመ በእግሩ ሄደ። ዳኛው ፊት ሲቆም ላብ አጠመቀው፣ ምላሱ ተያያዘ፣ ከአፉ የወጣው «ጌታዬ፣ መሬቴ ወሰደኝ» የሚል ሆነ። ዳኛው «ወዴት ወሰደህ?» አለው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። መዝገቡ በዚያው ተዘጋ፣ አባቴም ወደ መሬቱ አልተመለሰም። ወደ አዋሳ መጥቶ አናጢ ቤት ተቀጠረ።

ይህን ለኛ ለልጆቹ የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ በራሴ አማርኛ፣ በተማርኩት አማርኛ፣ ተናገርኩና «ትራጄዲ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ ብድግ አለ። ዓይኑ በርቶ ነበር። «ድንቅ! ግን ተሳስተሻል። ይህ ኮሜዲ ነው። ‹መሬቴ ወሰደኝ!› ‹ወዴት ወሰደህ?› ይህን ማን ይፈጥረዋል?»

«ጓድ፣ ሰውየው መሬቱን አጥቷል እኮ።»

«ባላባቱን እንረግመዋለን፣ አትፍሪ። ሰፊው ሕዝብ ግን መሳቅ አለበት። ሳቅ የሌለበት ድራማ ስብሰባ ነው።»

ታሪኩን ወሰደው። የኪነት ቡድኑ ለአብዮት በዓል ሰሞን በአዳራሹ የሚያሳየው አጭር ድራማ አደረገው። እኔ አልስማማም ብዬ ሄጄ ለምኜዋለሁ፤ ቢያንስ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይቀይሩልኝ ብዬዋለሁ። «እሷማ ልቧ ናት» አለኝ። አባቴ እንደማይመጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። የቀበሌው ሰው ሁሉ እንዲገኝ ታዞ ስለነበር መጣ፤ ኮቱን ለብሶ፣ ከእናቴ ጋር ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መድረኩ ላይ የወጣው ተዋናይ የተቀደደ ካፖርት ለብሷል፣ አፉን ከፍቶ ግራ ቀኝ ያያል፣ በራሱ ዱላ ይደናቀፋል። አባቴ ማን እንደሆነ ገና አላወቀም ነበር፤ እንደ ሰዉ ፈገግ ብሎ ያያል። ከዚያ ተዋናዩ ዳኛው ፊት ቆሞ «ጌታዬ፣ መሬቴ ወሰደኝ!» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። ተዋናዩ ሳቁን ሲያይ ደገመው፤ አሁንም ደገመው። እኔ መድረኩን ትቼ አባቴን ነበር የማየው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያወርደው ዘንድ ጊዜ አላገኘም። እናቴ እጁን ያዘችው። ተነስቶ እንዳይወጣ ደግሞ አቋርጦ መውጣት አይቻልም፤ በሩ ላይ የቀበሌ ጥበቃ ቆሟል።

ትርኢቱ ሲያልቅ አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ተነስቶ ማብራሪያ ሰጠ። «በመሠረቱ ይህ ገጸ ባሕርይ የሚወክለው ያልነቃውን ገበሬ ነው» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ዘርግቶ «ታሪኩን ያገኘነው ከጓዲት አባት ነው፤ እናጨብጭብላት!» አለ። ተጨበጨበ። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ አባቴን ፈለገው፤ አገኘውም።

ከማግስቱ ጀምሮ የሠፈር ልጆች አባቴን ባዩት ቁጥር «አባባ፣ ወዴት ወሰደዎት?» ማለት ጀመሩ። ልጆች ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። አባቴም አልተቆጣቸውም። ግን አማርኛ መናገር አቆመ። ጠረጴዛ ወይም ቁምሳጥን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ሲገባ መላጊያውን እንደያዘ እኔን ወይም እናቴን ይጠራል። እኛ እናስተረጉማለን። ያ ሰው እንጨት እያገላበጠ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ድምፁ ጎረቤት ይሰማ የነበረ ሰው ነው።

እኔ ወደ ኮርሱ ተመለስኩ። እናቴ «ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» ስትለኝ «ልማር» አልኳት። ልማር ነበር በእውነት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እኔ በትጋት የተማረ የለም። ሳቅ ከየት እንደሚመጣ፣ አንድን ሰው በአንድ ምልክት እንዴት እንደሚያሳውቁት፣ ዝምታ የት ላይ እንደሚገባ፣ ሁሉንም ከእሱ አፍ ለቀምኩ። እሱ ደግሞ ሲያስተምር እኔ እሱን አጠና ነበር። ሱሪውን የሚስብበትን ጣቶች። እፍ የሚልበትን አፍ። ሰው ሲናገር ጆሮውን ሳይሆን አገጩን የሚያዞርበትን። ምን እንደማደርግበት ገና አላወቅሁም፤ ግን እየሰበሰብኩ ነበር፤ እንደ ማገዶ።

መንገዱን የከፈተልኝ እሱ ራሱ ነው። የኮርሱ መዝጊያ ላይ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት ስለሚገኙ በብሔረሰብ ቋንቋ የሚቀርብ አንድ ሥራ ያስፈልጋል አለ። ዘፈንና ጭፈራ አስቦ ነበር። እጄን አወጣሁ። «ጓድ፣ አጭር ኮሜዲ በሲዳምኛ ልጻፍ።»

ደስ አለው። «ስለ ምንድን ነው?»

«ሕዝብን ስለሚንቅ ምሁር። ከከተማ ወጥቶ ገበሬዎችን ሊያስተምር ይሄድና መሳቂያ ሆኖ ይመለሳል።»

«ግሩም! የንኡስ ከበርቴ ጠባይ ማጋለጥ ነው። በርቺ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንድም ውሸት አልነገርኩትም። ቋንቋውን ስለማይሰማ ልምምዱንም መጥቶ አላየውም።

ምሁሩን የሚጫወትልኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ድሬሰር ነበር፤ አብሮን ኮርሱን የሚማር፣ የሰው አካሄድ አንዴ አይቶ የሚደግም ጉደኛ። ያሰብኩትን ነገርኩት። «ያሳስሩናል» አለ።

«እኔ ነኝ ብሎ ካልከሰሰ ማን ያስረናል?»

አሰበበትና ሳቁ መጣ። መነጽር ከሽቦ ጠምዝዞ ሠራ፤ መስታወት የሌለው። ለከረባት የእንሰት ቃጫ አንገቱ ላይ አሰረ። «ለምሁር መነጽር» ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ማን ነው? ከመጽሐፉ አልወጣንም።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ሞላ። ከገጠር የገበሬ ማኅበር ተወካዮች መጥተዋል፤ ከከተማውም ቋንቋውን የሚሰማ ብዙ ነው። የክፍለ ሀገሩ የባህል ኃላፊ የሲዳማ ልጅ ነበሩ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው። ከፊት ተቀመጡ። አሰልጣኙ አጠገባቸው ሱሪውን ከጉልበቱ ስቦ ተቀመጠ።

ድሬሰሩ ወጣ። አንዲት ቃል ሳይናገር ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲል ሱሪውን በሁለት ጣት ሳበ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ተሰማ፤ ሳቅ ሊሆን የቸኮለ ትንፋሽ። ከዚያ ባዶውን ሽቦ አወልቆ እፍ አለበት፤ በቃጫው ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ሰዉ ፈነዳ።

ምሁሩ መንገድ ለመንገድ ለሽማግሌዎች የሚናገራትን አንዲት የሲዳምኛ ዓረፍተ ነገር ያጠናል፤ «አባቶች፣ ላስተምራችሁ መጥቻለሁ።» ሽማግሌዎቹ ፊት ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል፣ ምላሱ ይያያዛል፤ የሚወጣው ቃል በኛ ቋንቋ ትርጉሙ «አባቶች፣ ጥጃችሁ ነኝ» የሚል ይሆናል። ሽማግሌው በርጋታ አይቶት «ታዲያ ማን ፈታህ?» ይለዋል።

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎች ከወንበር ተንሸራተቱ። ኃላፊው መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከመድረኩ ወደ ጎናቸው፣ ከጎናቸው ወደ መድረኩ እያዩ እንደገና ይስቃሉ። አሰልጣኙም ይስቅ ነበር! አንድ ቃል ሳይገባው፣ ሁሉም ስለሳቀ፣ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እኔ መጋረጃው ጎን ቆሜ ነበር። ሲያልቅ እንደማይቀር አውቅ ነበር፤ ልማዱ ነዋ። ተነሳ። ወደ ሕዝቡ ዞረ። መነጽሩን አወለቀ። እፍ አለበት። ከረባቱን ሳበ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ መግለጽ ይከብደኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እሱ እጁን ዘርግቶ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀ፤ ሳቁ የደስታ ስለመሰለው ፊቱ አብርቶ ነበር። «በመሠረቱ ይህ ገጸ ባሕርይ የሚወክለው ራሱን ከሕዝብ በላይ የሚያይ፣ የሕዝብን ቋንቋ ሳያውቅ ሕዝብን ላስተምር የሚል ከንቱ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን የለም ብላችሁ እንዳታስቡ!»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ በሲዳምኛ «አላሰብንም!» ብለው ጮሁ። ኃላፊው ተነስተው የአሰልጣኙን እጅ ጨበጡ። «ጓድ» አሉት በአማርኛ፣ «ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም።»

ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ምስክር ወረቀቱ ተሰብስበን ስንበተን «አንቺ ቆይ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተሳለቅሽብኝ።»

«በየትኛው ትዕይንት ነው ጓድ?»

«ያ ሰው እኔ ነኝ!»

«ያ ሰው ሕዝብን የሚንቅ ከንቱ ነው፤ ያሉት እርስዎ ነዎት። ለኃላፊው እርስዎ ነዎት ብዬ ልንገራቸው?»

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አውርዶ «የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ቤታችሁ ውስጥ በሩ ተዘግቶ ምን እንደሚዘመር የማላውቅ መስሎሻል?» አለኝ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር፤ ወላጆቼ የሚጸልዩት መጋረጃ ጋርደው ነው፤ «ጴንጤ» ተብሎ የታሰረ ዘመድ ነበረን። ፈራሁ። ለእሱ ግን አላሳየሁትም። «የምስክር ወረቀቱን ይተዉት» ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እናቴ የመዝሙር መጽሐፏን ከእንጨት ፍልጡ ሥር እንድትቀብረው አደረግሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቅ ነበር። ወኅኒ ቢወስዱኝ እንኳ የማልጸጸት ይመስለኝ ነበር፤ አባቴን ቢወስዱት ግን ምን እሆናለሁ የሚለው እህል አላስበላኝም።

ያዳነን ኃላፊው የቀልድ ሰው መሆናቸው ነው። ድራማው በጣም ስለጣማቸው በየሄዱበት ያወሩት ነበር፤ አሁን ያን ድራማ የሚከስ ሰው የሳቸውን ሳቅ መክሰሱ ነው። እንደገና እንዲታይም አዘዙ፤ ቡሹሎ፣ ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ፣ በዋርካ ጥላ ሥር። አሰልጣኙ እንዲገኝ፣ ማብራሪያውንም እንዲደግም ስሙ ተጠርቶ ተነገረው።

አባቴን ለመንኩት። «አልሄድም» አለ።

«በኛ ቋንቋ ነው አባ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ኮቱን ለበሰ። በጋሪ ሄድን።

የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነበር፤ በቀል ግን ሁለተኛው ነው። አሰልጣኙ አሁን ያውቃል። ሊቀመጥ ሲል እጁ ወደ ጉልበቱ ወረደና በመንገድ ቆመ፤ ሱሪው እንደተጨማደደ ተቀመጠ። ድሬሰሩ እፍ ባለ ቁጥር እሱ ይስቃል፤ መሳቅ አለበት፣ ኃላፊው ከጎኑ ናቸው። ጥርሱ ይታያል፣ ፊቱ ግን አይስቅም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አባቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ። እየተያየን ነበር፤ እሱ ዓይኑን ሲሰብር እኔ አልሰበርኩም። በ«ጥጃችሁ ነኝ» ሕዝቡ ሲንጫጫ በአፌ ውስጥ ማር የፈሰሰ መሰለኝ።

«ጓድ፣ ያን ትንታኔ ድገምልን!» አሉ ኃላፊው።

ተነሳ። መነጽሩ ላይ ላብ ወርዶበታል፤ ሊጠርገው አልደፈረም። ጭጋግ በለበሰ መነጽር ወደማያየው ሕዝብ ዞሮ «ይህ… ይህ ገጸ ባሕርይ…» አለና ምላሱ ተያያዘ። ሕዝቡ እስከ መጨረሻው ጠበቀው። እያንዳንዷን ቃል ተናገረ። ከንቱ የምትለዋንም።

አባቴ በሽማግሌዎች መሀል ተቀምጦ ሲስቅ ነበር፤ ድምፁን አውጥቶ፣ ጭኑን እየመታ። ከቤታችን ከጠፋ የቆየ ድምፅ ነው። ስንመለስ ጋሪው ላይ ጠየቀኝ።

«ያ መጨረሻ ላይ የተናገረው፣ ያሳቃችሁበት ሰው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ሲያልበው አየሁት» አለ። «እኔም ያኔ ችሎት ፊት እንደዚያ ነበር ያላበኝ። ክፉ ነገር ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «ይበቃዋል፣ ልጄ።»

አባቴ ያለውን ሁሉ ስፈጽም ኖሬያለሁ። ይህንን ግን አልፈጸምኩም። ያዘነለት እሱ ነው፤ መብቱ ነው። እኔ አላዘንኩለትም።

የምስክር ወረቀቱን ለሁሉም ሰጥቶ ለእኔና ለድሬሰሩ ከለከለን። ወደ ባህል ክፍሉ መዛወሬ ቀረ፤ ጠመኔ ጨብጬ «ድገሙ» ማለቴን ቀጠልኩ። አባቴ ከደንበኞቹ ጋር አማርኛውን ቀስ በቀስ መለሰ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ለመከራከር በቃው። አንዳንድ ልጆች «ወዴት ወሰደዎት?» ሲሉት «ቡሹሎ!» ይላቸው ጀመር።

ደርግ ሳይወድቅ፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ፣ መናኸሪያ ውስጥ እህቴን ልሸኝ ቆሜ ሳለሁ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲወርድ አየሁት። ከስቷል፤ ከረባት የለውም፤ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዟል። ወሬው ደርሶን ነበር፤ ከበላዮቹ ጋር ተጣልቶ ከሥራው ወርዶ ነበር። አወቀኝና በሰዉ መሀል እየተጋፋ መጣ። እጁን ዘረጋ።

«እንዴት ነሽ? ያ የድሮ ነገር… ያው ቀልድ ነበር፤ አይደል?»

እጁን አልጨበጥኩም። «የትኛው?» አልኩት።

እጁን ወደ ቦርሳው መለሰ። «አባትሽ ደኅና ናቸው?»

ለአባቴ «ናቸው» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ሄደው ራሳቸውን ይጠይቋቸው» አልኩት። «ቤታችን እዚያው ነው። አማርኛ ይሰማሉ።»

ከዚያ በሌላ በር ወጣ። ወደ ቤታችን አልሄደም፤ አባቴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ቢሄድ ኖሮ አባቴ ያስቀምጠው፣ ምሳ ያበላው፣ ይመርቀውም ነበር፤ ያን አውቃለሁ። እኔ ግን እህቴን ሸኝቼ፣ ከመናኸሪያው ዓሣ ገዝቼ፣ እያንጎራጎርኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያን ምሳ እንዴት እንደጣመኝ።